ሳታለሳልሺ ንገሪው

አክስቷ፣ ሲሰድባት ለከረመ ሰው ልጅ ሹራብ ሠርታ ጨርሳለች። ገና ሳይነጋ ተነስታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የመጨረሻዋን ቁልፍ ስትተክል የእህቷ ልጅ በመጋረጃው ክፍተት አየቻት። ቢጫ ሹራብ ነው፤ እጅጌው ለሁለት ዓመት ሕፃን ተለክቶ የተሠራ፣ አንገቱ ዙሪያ ነጭ ጥልፍ የዞረበት። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃው ለሁለት ከፍሎታል። ወዲህ የአክስቷ አልጋ፣ ወዲያ የእሷ ፍራሽ፣ መሃል ላይ ሁለቱም የሚሻሙበት ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ማበጠሪያ፣ የአክስቷ መነጽር፣ ከትናንት የተረፈ ዳቦ። አክስቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሹራቡን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጋ ወዲያ ወዲህ አገላብጣ አየችው። የሱፍ ክር ዋጋ ጣሪያ በነካበት በዚህ ዘመን፣ ለራሷ ካልሲ መግዛት የምትሰስት ሴት፣ እንዲህ ያለውን ለስላሳ ክር ከየት አምጥታ መቼ ሠርታ እንደጨረሰችው እግዜር ይወቅ።

«ይኼ ደግሞ ለማን ነው?» አለች ልጅቷ፣ ልቧ እያወቀ።

«ለማሩ ልጅ ነዋ! ለማን ሊሆን ኖሯል?» አለች አክስቷ። «ፎቶውን ያሳየን ጊዜ አላየሽም? ብርድ አገር ያለ ሕፃን ደረቱ ተራቁቶ! አባትየው እንደሆነ አንድ ቀን ክፉ ተናግሮኝ አያውቅ። ዛሬ እሰጠዋለሁ። አንቺ ደግሞ አሳምረሽ ንገሪልኝ፤ መቼም ለማሳመር ማን ይችልሻል።»

ልጅቷ መጋረጃውን መልሳ ዘጋችና ፍራሿ ላይ ቁጭ አለች። 

ማሩ ስሙ አይደለም። ሁለቱ የሚሠሩበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ከእንግሊዝኛ በቀር የማይናገር፣ ረጅም፣ አንገቱ ቶሎ የሚቀላ ሰውዬ። «ማሩ» ብለው ስም ያወጡለት ሴቶቹ ናቸው፤ ከአፉ የሚወጣው ማር ነው ሲሉ። ኧረ ምኑ ቅጡ! ሰውዬው ሲናገር ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ሸሚዝ አንስቶ ይወረውራል፣ የአንገቱ ሥር ገመድ ያክላል። ቃሉ በአስተርጓሚዋ በኩል ዞሮ ሲመጣ ግን «የኔ እናት፣ ቀስ እያልሽ ብትሠሪው ደስ ይለኛል» ይሆናል። ሴቶቹም ነገሩን ተመካክረው አንድ ማብራሪያ አግኝተውለታል፤ «ቋንቋቸው ነው የሚያስቆጣቸው እንጂ ሰውዬውስ ልቡ ንጹሕ ነው» ይላሉ። ሲጮህባቸው በአዘኔታ ያዩታል። አንዳንዷማ፣ እግዜር እንዲህ ያለ ቋንቋ የፈጠረበት ሰው እንዴት ሚስት አገኘ ትላለች።

አስተርጓሚዋ ያቺው ከመጋረጃው ወዲያ የምትተኛው የእህት ልጅ ናት። እንግሊዝኛ ለነቀፋ ያለው ቃል እንደማያልቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮሌጅ ሳለች አንድ አስተማሪያቸው የውግዘትን ቃላት ብቻ ለይቶ፣ ከቀላሉ ጀምሮ እስከ ከባዱ እንደ ደረጃ ደርድሮ አስተምሯቸው ነበር። «ኬርለስ» የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፤ ሰው ሥራውን ቸል ሲል። «አናክሴፕተብል» ከፍ ይላል። «ፓቴቲክ» ሲባል ተሰዳቢው ከንቀት አልፎ የሚያሳዝን ሆኗል ማለት ነው። «ዲስግሬስፉል» ደግሞ ጫፉ ላይ ተቀምጧል፤ ውርደት ነህ፣ ያለህበትን ሁሉ የምታሳፍር ነህ እንደማለት። ፈተናው ላይ ሙሉ አግኝታበታለች። ፋብሪካው የቀጠራትም በዚሁ ቋንቋዋ ነው።

ግን ፈተና ላይ መጻፍና ሰው ፊት ቆሞ መናገር ለየቅል ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን ሰውዬው ይዟት ወደ ካውያ ክፍል ወረደ፤ አንድ ኮሌታው የነደደ ሸሚዝ አክስቷ ደረት ላይ ለጥፎ «ዲስግሬስፉል» አለና ዞሮ «ንገሪያት» አላት። በየትኛው አፏ? እናቷ ስትሞት ከእቅፏ ተቀብላ ያሳደገቻትን፣ ለኮሌጅ መመዝገቢያዋ የጆሮ ጉትቻዋን የሸጠችውን ሴት፣ በሰው ፊት «አሳፋሪ ነሽ» ትበላት? ቃሉ ከንፈሯ ድረስ መጣና «ትንሽ ቅር ብሎታል፣ አክስቴ» ሆኖ ወጣ። አክስቷም ደንግጣ የነበረው ፊቷ ፈታ አለና «ቅር አይበለው፣ የኔ ልጅ» ብላ ሰውዬውን ፈገግ አለችለት። ያን ቀን አንድ ጊዜ ቀለላት። ከዚያ በኋላ ለሌሎቹም እንዲሁ ሆነ፤ ምላሷ ለመደ። ሴቶቹ አፈ ቅቤ እያሉ ያሽሟጥጧታል፣ በፍቅር ነው።

ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ አክስቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣ አጠገቧ ለተቀመጠች የማታውቃት ሴት ስለ አለቃዋ ደግነት አወራች። ሴትዮዋ ደግሞ የሷ አለቃ ሽንት ቤት የሚገቡበትን ሰዓት እንደሚቆጥር አወራች። አክስቷ ከንፈሯን መጠጠችላት። «ዕድል ነው እህቴ» አለቻት፣ «የኔው ሰው እንኳን ሊያመናጭቀኝ፣ ሸሚዝ ባቃጥል እንኳ የኔ እናት ብሎ ነው የሚጀምር።» አስተርጓሚዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ነበር፤ የሱቆቹ በሮች ገና እየተከፈቱ ነው፣ አንዱ መንገዱን ውሃ ይረጫል። ጆሮዋ ግን እዚያው ነበር።

ፋብሪካው በር ላይ ተለያዩ። አክስቷ ሽርጧን አስራ ወደ ካውያ ክፍል ገባች፤ እሷ ደረጃውን ወጥታ ሥራ አስኪያጁ ወደሚቀመጥበት ዙሪያውን መስተዋት ወደሆነ ቢሮ ሄደች። ከዚያ ላይ ሆኖ የፋብሪካው ወለል በሙሉ ይታያል፤ በረድፍ የተደረደሩት የስፌት መኪናዎች፣ የተጎነበሱት ጀርባዎች፣ ጥግ ላይ እንፋሎት የሚትጎለጎልበት ካውያ ክፍል። ሰውዬው ቆሞ ነበር የጠበቃት። ጠረጴዛው ላይ ኮሌታቸው ተቃጥሎ ቢጫ የሆነ ሸሚዞች ተቆልለዋል። ዛሬ አልጮኸም። ይኼ ነው ያስፈራት።

እዚያ ጥግ ያለችው ሴትዮ ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ወደዚህ ትምጣ አላት፤ ትሰናበታለች፤ አንቺ ትነግሪያታለሽ። «ሦስት ጊዜ አስጠንቅቄያታለሁ፤ ሦስት ጊዜ ፊቴ ላይ ሳቀች» አለ። ስድብን በፈገግታ የሚቀበል ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅም። መጀመሪያ ያልገባት መስሎት ነበር፤ ኋላ ግን እየናቀችው እንደሆነ ተረዳ። አስተርጓሚዋ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ሴትዮዋ አክስቷ እንደሆነች እንኳ አያውቅም፤ አልነገረችውም። በዘመድ ታዳላለች እንዳይላት ፈርታ።

«ምናልባት... ካውያው ይሆን?» አለች በእንግሊዝኛ፣ ድምጿ ለራሷ እንኳ ሳይሰማት።

ሰውዬው ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ። «ካውያው ቢበላሽ ኖሮ አትነግረኝም ነበር? ምን እንዳለችኝ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሦስቴም ጥፋቴ ነው አለች። ተሳስቻለሁ? ስለ ካውያ አንድ ቀን አንስታ ታውቃለች?»

 አንስታ ታውቃለች። ሦስቱንም ጊዜ አንስታለች፣ ያውም ሰማይና ምድሩን እያናወጠች። ያኔ ሁሉ አክስቷ ፊቷ በእንፋሎት ወዝቶ፣ ካውያውን ሰውዬው አፍንጫ ሥር እየነቀነቀች፣ «ይኼ ሰውዬ ዓይኑን ምን ጋረደው? ካውያው አብዷል! ቁልፉን ሁለት ላይ ሳደርገው እንደ አራት ነው የሚግለው። እዚያ መስተዋት ቤት ውስጥ ተጎልቶ ከሚውል ወርዶ በእጁ ይዞ ይየው፣ በዪው!» ብላለች። መጨረሻ ላይ ግን ሰውዬው ልጇ መሰላትና አዘነችለት፤ ፈገግ አለችለት። ይህን በእንግሊዝኛ እንዳለ ማስተላለፍ ማለት ደግሞ አክስቷን በገዛ አፏ ማስባረር መሰላት። ስለዚህ አለሳለሰችው። አለሳልሳ አለሳልሳ ስትጨርስ ከነገሩ የቀረው «ይቅርታ አድርግልኝ፣ እጠነቀቃለሁ ትላለች» ብቻ ሆነ። እሾሁን አወጣሁ ስትል ፍሬውንም አብራ ጥላዋለች። እንግዲህ ፍረዱ፤ በሁለቱ መሃል የቆመች አንዲት ለስላሳ ምላስ አክስቷን ሦስት ጊዜ ጥፋተኛ አድርጋ አስፈርማታለች።

ከቢሮው ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። እዚያው ተመልሳ ገብታ እውነቱን ማፍረጥ ትችል ነበር። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር። ግን እውነቱን ስትናገር የራሷ እንጀራ እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ እሷ ብቻ ብትሆን ግድ የለም፣ አክስቷ ይህን ሁሉ ጊዜ ተሰድባ መክረሟን ስትሰማስ? ዝም ብትል ደግሞ አክስቷ በዚህ ዕድሜዋ ከዚህ ወጥታ የትም አትገባም። ሌሎቹ ፋብሪካዎች በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት ሃያ ዓመት ያልሞላቸውን ነው። ጉልበቷ አብጦ እንኳ ቆማ የምትውለው ይህን ስለምታውቅ ነው። አስተርጓሚዋ ሌላ ቀዳዳ ፈለገች። ወርዳ መካኒኩን አገኘችው፤ ወፍራም፣ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ ሲጋራ የሚሰካ፣ ሲጋራውን ግን ሲያጨስ ማንም አይቶት የማያውቅ ሰው ነው። የካውያ ክፍሉን የጥጉን ካውያ እንዲያይላት በእግዜር ስም ለመነችው።

«እኔ እየው ከተባልኩ አያለሁ» አለ መካኒኩ፣ ጨርቅ ላይ እጁን እየጠረገ። «ያለ ትእዛዝ አንዲት ብሎን ብፈታ ማሩ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ይለኛል። ምን ቸገረሽ፣ ለራሱ ንገሪው እንጂ! ለሱ የምትነግሪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

ምሳ ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ ካለው ግንብ ጥላ ሥር እንደ ልማዳቸው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዳቦ በሻይ ነበር። አክስቷ ጉልበቷን እያሸች ስለ ሹራቡ ታወራለች፤ ክሩን በቅናሽ የሰጣት ሻጭ መጀመሪያ ምን ያህል እንደጠራና እንዴት አስጨንቃ እንዳወረደችው፣ ቢጫ ለወንድም ለሴትም እንደሚሆን፣ ሕፃኑ ቢያድግ እንኳ ለታናሹ እንደሚተርፍ። አስተርጓሚዋ ዳቦውን ታላምጣለች እንጂ አይወርድላትም። ሦስት ጊዜ «አክስቴ» ብላ ጀመረች። አንዴ ደወል ተደወለ፣ አንዴ የስፌት ክፍል ሴቶች መጥተው ሹራቡን ካላየን ብለው ቦርሳውን አስከፈቱ። በሦስተኛው አክስቷ ዞር ብላ አየቻት።

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ምንም። ሹራቡን... ሌላ ቀን ብትሰጪውስ?»

«ለምን ሌላ ቀን? ያመመው ነገር አለ?»

«የለም። እንዲያው ዛሬ ሥራ በዝቶበታል።»

«በቃ ሥራ የበዛበት ሰው ነው ደስታ የሚያስፈልገው» አለችና አክስቷ የሻይዋን ኩባያ ጨለጠች።   አስተርጓሚዋ የአክስቷን እጅ አየች፤ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ያረጀ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፣ አውራ ጣቷ ላይ ደግሞ አዲስ፣ ገና ውሃ የቋጠረ። ካውያው የሚያቃጥለው ሸሚዝ ብቻ አልነበረም። እሷም «አክስቴ» ብላ አራተኛ ጊዜ ለመጀመር ድፍረት አጣች።

ከሰዓት በኋላው እንደ ቀንድ አውጣ ተጎተተ። ሰውዬው ከመስተዋቱ ጀርባ ቆሞ ወደ ካውያ ክፍል ያያል፤ እሷ ደግሞ እሱን ታያለች። ጭራሽ አክስቷ ከታች ሆና ባየችው ቁጥር እጇን ታወዛውዝለታለች። ሰውዬው በእያንዳንዱ ውዝወዛ አንገቱ ይቀላል። መውጫ ሰዓት ሲቃረብ ጣቱን ወደ ታች ቀሰረ፤ ጥሪያት ማለት ነው። አስተርጓሚዋ ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። «ይፈልግሻል» አለች። አክስቷ ሽርጧን ፈትታ፣ ጸጉሯን በመዳፏ አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለቻት። ሌሎቹ ሴቶች «ሽልማት ነው! ሽልማት ነው!» እያሉ ከኋላዋ ተሳሳቁ።

ቢሮው ውስጥ እንደገቡ አክስቷ ማንንም አልጠበቀችም። ሹራቡን አውጥታ በሁለት እጇ፣ ትንሽ ጎንበስ ብላ፣ ከተቃጠሉት ሸሚዞች አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ለሕፃኑ ነው በዪው። በብርድ እንዳይጎዳ። እኔ ልጅ አልወለድኩም፣ ግን ልጅ አሳድጌያለሁ፤ የሕፃን ደረት አውቃለሁ በዪው።»

ሰውዬው ሹራቡን አየ። ከዚያ አክስቷን፣ ከዚያ አስተርጓሚዋን አየ። «ምንድነው ይኼ? ጉቦ? ልትገዛኝ ነው?» አለ፤ ሹራቡንም በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ከዚያ የጠዋቱ ዝምታው ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። ፓቴቲክ ነች አለ። ሼምለስ ነች፣ እፍረት የማታውቅ አለ። ለዚህ ፋብሪካ ውርደት ነች፣ ዛሬ ተሰናብታለች፣ ከነገ ጀምሮ በሩን እንዳትረግጥ። «ንገሪያት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ የተቆለሉት ሸሚዞች ተንሸራተው ወለሉ ላይ ወደቁ።

አክስቷ ፈገግታዋን እንደያዘች ወደ እህቷ ልጅ ዞረች። «ደስ አለው አይደል? እንዲህ የሚጮኸው?»

አስተርጓሚዋ አፏን ከፈተች። ለስላሳ ቃል ፈለገች፤ ሁልጊዜ እንደሚመጣላት እንዲመጣ ጠበቀች። ግን መባረርን በምን ታለሳልሰዋለች? ትንሽ ተባረሽ አይባል። «አልተቀበለውም» አለች። «ከሥራ አባሮሻል፣ አክስቴ።»

«ማን? ማሩ?» አክስቷ ሳቀች፤ ብቻዋን ሳቀችና አቋረጠች። «ምን ነክቶት? ባለፈው ሳምንት የኔ እናት፣ ላንቺ ጤና ብዬ ነው ተጠንቀቂ ሲለኝ አልነበር?»

«አላለም።»

«እንዴት አላለም? አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እሱ አንድም ቀን እንደዚያ አላለም።»

ከታች የመጨረሻዎቹ የስፌት መኪናዎች አንድ በአንድ ሲጠፉ ይሰማል። ሰውዬው ግራ ገብቶት ሁለቱንም ያያል። አክስቷ ሹራቡን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጠፈች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። ይህን ሁሉ ስታደርግ አልቸኮለችም። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ምን ነበር የሚለኝ?» አለች። «አንድ በአንድ ንገሪኝ። ሳታለሳልሺ።»

ነገረቻት። ምን ታድርግ። ኬርለስ ያለበትን፣ ፓቴቲክ ያለበትን፣ ዲስግሬስፉል ያለበትን። ደንታ ቢስ ነሽ፣ ዕቃ አጥፊ ነሽ፣ ታሳዝኛለሽ፣ አሳፋሪ ነሽ። እነዚያ ኮሌጅ ውስጥ በደረጃ ተደርድረው ያጠናቻቸው ቃላት በገዛ ምላሷ፣ በገዛ ቋንቋዋ ወጥተው ያሳደገቻት ሴት ፊት ላይ አረፉ። አክስቷ አላለቀሰችም። አንድ አንዱን እንደ ሰማች ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ሒሳብ እንደሚወራረድላት ሰው። ሲያልቅ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«እኔ ያልኩትስ? ስለ ካውያው ሦስት ጊዜ የጮህኩትስ?»

አስተርጓሚዋ ወለሉን አየች። «ይቅርታ ጠይቀሻል ነው ያልኩት። ጥፋቴ ነው ብለሻል አልኩት።»

ይህኛው ነው የመታት። ስድቡን ሁሉ ቆማ የሰማችው ሴት አሁን ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ስለዚህ እኔ እዚህ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅማ» አለች። «ይኼን ሁሉ ጊዜ አፌን እከፍታለሁ፣ የምታወሪው አንቺ። እሱስ ይስደበኝ፣ አላወቀኝም። አንቺ ምን አድርጌሽ ነው አፌን የቀማሽኝ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው፣ አክስቴ። እንዳያባርርሽ ብዬ።»

«ይኸው አላባረረኝም?» አክስቷ አውራ ጣቷን፣ ውሃ የቋጠረውን ቃጠሎ፣ ወደ ሰውዬው ፊት አቀናች። «ንገሪው። ያኔ ያልኩትን ሁሉ፣ እንዳልኩት። ዓይኑን ምን እንደጋረደው ጠይቂው። መስተዋት ቤት ውስጥ መጎለቱንም እንዳታስቀሪ።»

አስተርጓሚዋ ወደ ሰውዬው ዞረች።  ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ይህች ሴት አክስቴ ናት አለች፣ አንተ ያልካትን አልነገርኳትም፣ እሷ ያለችህንም አልነገርኩህም። ስትሰድባት የሳቀችው ስድቡን ስላልሰማች ነው። ከዚያ ካውያው ማበዱን፣ ቁልፉ ሁለት ላይ ሆኖ እንደ አራት መጋሉን፣ ዓይኑን፣ መስተዋት ቤቱን፣ መጎለቱን፤ አንዱንም አላስቀረችም። ሰውዬው በመሃል ሊያቋርጣት እጁን አነሳ፤ አክስቷ ከወንበሯ ሳትነሳ «ትጨርስ!» ብላ በአማርኛ ጮኸችበት፤ ገባውና እጁን አወረደ።

ሲያልቅ ስልኩን አንስቶ መካኒኩን ጠራ። ሁለቱም ተከትለውት ወደ ካውያ ክፍል ወረዱ። ሴቶቹ ሊወጡ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ነበር፤ ቆሙ። መካኒኩ የጥጉን ካውያ ሰካ፣ ቁልፉን ሁለት ላይ አደረገ፣ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው። ብዙም አልቆየ፤ ጨርቁ ጨሰ። ሲያነሳው የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። መካኒኩ የካውያውን ሆድ ፈትቶ አየውና የሙቀት መቆጣጠሪያው ሙሉ በሙሉ መበላሸቱን በእጅ ምልክት አስረዳ፤ ይህ ትርጉም አላስፈለገውም። ሰውዬው ጨርቁን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላብጦ አየው። ለአክስቷ በራሱ ጊዜ ራሱን ዝቅ አደረገላት። ነገ በሌላ ካውያ ሥራዋን ትቀጥል አለ፤ አስተርጓሚዋ ቃል በቃል ተናገረች።

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። አልጮኸም። እስከ ዛሬ በሷ በኩል ወደ ሌላ ሰው ሲያልፉ የኖሩት ቃላት ዛሬ የሚያልፉበት አጥተው እሷው ጋ ቆሙ። ውሸታም ነሽ አላት። እምነት አጉዳይ ነሽ። ባንቺ ምክንያት ንጹሕ ሰው ሰድቤያለሁ፣ የሰው እጅ ተቃጥሏል፤ ዲስግሬስፉል ነሽ። ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ። ሴቶቹ ቃሉ አልገባቸውም። ዘመዳሞች እንደሆኑ ግን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም አሁን አክስቷን ያያሉ።

«ምን አለሽ?» አለች አክስቷ።

 ለአስተርጓሚዋ ለስላሳው ቃል ይኸው አሁን መጣላት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ለራሷ ስትሆን ደግሞ እንዴት ያለ ጣፋጭ ነው። ተወችው። «ውሸታም ነሽ አለኝ። እምነት አጉዳይ፣ አሳፋሪ ነሽ አለኝ። ተባርሬያለሁ።»

«አላለሳለስሽም?»

«አላለሳለስኩም።»

አክስቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አስተርጓሚዋ ልታቅፈኝ ነው ብላ ተስፋ አደረገች፤ ወይም ሰውዬውን ስለ እሷ ልትለምንላት ነው ብላ። ሁለቱም አልሆነም።

«እንግዲያው አዝኖልሻል» አለች አክስቷ። ሽርጧን ከምስማሩ ላይ አውርዳ አጠፈችና ክንዷ ሥር ያዘች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ነይ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል! አውቶቡሱ ያመልጠናል። የሱን ሰማሽ፤ የኔን ደግሞ ቤት ስንገባ ትሰሚያለሽ። እኔ አስተርጓሚ አያስፈልገኝም።»

ልጅቷ ከወለሉ ላይ ቦርሳዋን አንስታ ከኋላዋ ሄደች።